ጥዱን ያደረቀው ሽበቱ ነው? በወሎ ደጋ ዛፎች ላይ ስለሚንጠለጠለው ላይከን

ከደሴ ወደ ጉጉፍቱ፣ ወይም ከላሊበላ ወደ አቡነ ዮሴፍ የሚወጣ ሰው ዛፎቹ ላይ የተንጠለጠለውን ነገር ሳያይ አያልፍም። ግራጫ ሆኖ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ እንደ ሽማግሌ ጢም ይንዠረገጋል። ጥድ ላይ አለ፣ ወይራ ላይ አለ፣ ኮሶና አስታ ላይም አለ። ብዙ ሰው የዛፍ ሽበት ይለዋል። የሳይንስ ስሙ ላይከን ነው።

ይህ ነገር ወሬ የሚሆነው ጥድ ሲደርቅ ነው። የደረቀ ጥድ ፎቶ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ሲለቀቅ፣ ቅርንጫፉ ላይ ሽበት ከታየ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል። ጥገኛ ነው የሚል አለ። ተቀጽላ ነው፣ ይነቀል የሚል አለ። የፋብሪካ ጭስ ያመጣው በሽታ ነው የሚልም አይጠፋም። ሌላው ደግሞ መድኃኒት ነውና ቀቅላችሁ ጠጡት ይላል። በየመሐሉ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ዋናው ክስ ግን ስህተት ነው። ስህተቱም ዋጋ ያስከፍላል፤ ምክንያቱም ሽበቱን ስንፍቅ ጥዱን በእርግጥ የሚገድለው ነገር ሥራውን እየቀጠለ ነው።

ላይከን ምንድን ነው?

ላይከን ዕፅዋት አይደለም። ሙስ ከሚባለው አረንጓዴ ምንጣፍ መሳይ ነገርም ይለያል። ላይከን አንድ አካል መስሎ የሚታይ የሁለት ፍጡራን ማኅበር ነው። አንዱ ፈንገስ ነው፤ ከእንጉዳይና ከሻጋታ ወገን። ሌላው አልጌ ነው፤ ውኃ ባቆረ ጉድጓድ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ከሚታየው ወገን። በአንዳንድ ዝርያዎች የአልጌውን ቦታ ሲያኖባክቴሪያ የተባሉ፣ እንደ አልጌ ከፀሐይ ምግብ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ይይዙታል።

ሥራው ተከፋፍሏል። ፈንገሱ አካሉን ይገነባል፣ ውኃ ይይዛል፣ ከኃይለኛ ፀሐይ ይከልላል። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ከአየርና ከውኃ ስኳር ይሠራል። ይህ ፎቶሲንተሲስ የሚባለው ሂደት ነው። ፈንገሱ የሚኖረው ከዚያ ስኳር በሚደርሰው ድርሻ ነው።

ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1867 ያቀረበው ሲሞን ሽቬንደነር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። በጊዜው የነበሩ የላይከን አዋቂዎች አልተቀበሉትም። አንድ ዝርያ ብለው የሰየሙት ነገር ሁለት ፍጡር ነው ሲባሉ ተቆጡ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ አንቶን ደ ባሪ የተባለው ጀርመናዊ ሲምባዮሲስ የሚለውን ቃል ለእንዲህ ዓይነት አብሮ መኖር ተጠቀመበት። ሲምባዮሲስ ማለት ሁለት የተለያዩ ፍጡራን ተጣብቀው የሚኖሩበት ኑሮ ነው። ኑሮው ሁለቱንም ሊጠቅም ይችላል፣ አንዱን ሊጎዳም ይችላል።

ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ፈንገሱ አልጌውን እንደ ሰብል ያለማዋል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። የለም፣ አስሮ ያሠራዋል የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በብዙ ላይከኖች ቆዳ ውስጥ ሌላ ዓይነት ፈንገስ፣ የእርሾ ወገን የሆነ፣ አብሮ እንደሚኖር የሚያሳይ ጥናት ታተመ። የማኅበሩ አባላት ከሁለት ሊበልጡ ይችላሉ ማለት ነው። በዓለም ላይ የሚታወቁት የላይከን ዝርያዎች ወደ 20 ሺህ ይጠጋሉ።

ለእኛ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር መያዝ ይበቃል። ላይከን ሥር የለውም። ዛፉን የሚነካው በመያዣው ብቻ ነው፤ ቅርፊቱን ጨብጦ ይቀመጣል እንጂ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ፈሳሽ አይመጥም። ውኃው ከዝናብ፣ ከጤዛና ከጉም ይመጣል። ማዕድኑ ከአቧራና በቅርፊቱ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ይመጣል። ምግቡን አልጌው ይሠራለታል። ዛፉ ለእሱ መቀመጫ ነው። የሞተ ግንድ ላይ፣ የእንጨት አጥር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ላይከን በምቾት ሲኖር የምናየውም ለዚህ ነው።

እንዴት ይለያል?

በወሎ ደጋ በብዛት ጢም መስሎ የሚንጠለጠለው ላይከን አስኒያ የሚባለው ወገን ነው። እሱን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ይበቃል።

ከወደቀው ቅርንጫፍ ላይ ወፈር ያለ አንድ ዘርፍ ይምረጡ። ደረቅ ከሆነ ይሰባበራል፤ ስለዚህ ውኃ ያርከፍክፉበትና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። እዚያው እያዩት ቀለሙ ይለወጣል። ግራጫው ይቀንሳል፣ አረንጓዴው ይደምቃል። ቆዳው ውኃ ሲጠጣ ብርሃን ማሳለፍ ስለሚጀምር ከሥሩ ያለው አልጌ ይታያል። ከዚያ ዘርፉን በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡት። ውጪው ቆዳ ቀለበት በቀለበት ይሰነጠቃል። መሐሉ ላይ ግን የማይበጠስ ነጭ ክር ይወጣል። ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይሰበሰባል። ይህ ነጭ ክር ካለ አስኒያ ነው። ሌሎች የሚመስሉት ላይከኖች እንዲህ ያለ የሚለጠጥ ክር የላቸውም።

ለምሳሌ ራማሊና የሚባለው ወገን እሱም ይንጠለጠላል፣ ቀለሙም ይቀራረባል። ነገር ግን ዘርፎቹ እንደ ሪባን ጠፍጣፋ ናቸው፣ ክሩም የለም። ፓርሞትሬማ ቅጠል መሳይ ነው፤ ሰፋፊ ግራጫ ገጽ አለው፣ ከሥሩ ይጠቁራል። ቴሎስኪስቴስ ብርቱካናማ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ከቅርፊቱ ጋር የተለሰኑ፣ ቀለም የተቀባ የሚመስሉ ነጭና ግራጫ ክቦችም ላይከን ናቸው፤ ቅርፊቱን ሳይልጡ አይነሱም።

አስኒያነቱ ከታወቀ በኋላ ዝርያውን መለየት ግን ሌላ ሥራ ነው። አስኒያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሉት። በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ከሚታወቁት አንዱ አስኒያ አርቲኩላታ ነው። ዘርፎቹ በየቦታው ያብጡና በየመሐሉ ይጠብባሉ፤ ለዓይን የተቋጠረ ነገር ይመስላል። ሌሎቹን ለመለየት ቆዳው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጉብታዎች፣ ዱቄት የሚመስሉ ነጥቦችን፣ ዙሪያቸው ጨረር ያወጡ ክብ ሰሌዳዎችን በማጉያ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። ያም ካልበቃ ውስጡ ላይ ፖታሽ የተባለ የላቦራቶሪ ኬሚካል ጠብታ አድርጎ ቀለሙ ይቀየር እንደሆነ ይታያል። ስለዚህ ከስልክ ፎቶ ተነስቶ የዝርያውን ሙሉ ስም በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ሲገጥምዎ ጠንቀቅ ይበሉ። ከፎቶ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ወገኑ ብቻ ነው።

አሁን ትልቁ መደናገር ላይ እንምጣ፤ ተቀጽላ። ተቀጽላ እውነተኛ ዕፅ ነው። ወፍራም አረንጓዴ ቅጠል አለው፣ ያብባል፣ ያፈራል። ወፎች ፍሬውን በልተው የሚያጣብቀውን ዘር ቅርንጫፍ ላይ ይተዉታል። ዘሩ ሲበቅል ቅርፊቱን በስቶ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፤ የዛፉን ውኃና ማዕድን ይስባል። ቅርንጫፉን ቢሰነጥቁት የገባበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሽበቱ ያለበትን ቅርንጫፍ ቢሰነጥቁ ግን ውስጡ ንጹሕ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አንዱን በሌላው ጥፋት መቅጣት ነው።

ለምን ደጋውን መረጠ?

ላይከን ሲደርቅ ሥራ ያቆማል። አይሞትም፤ ይጠብቃል። ጉም ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። የወሎ ደጋ ጉም የሚበዛበት፣ ከክረምቱ ሌላ በብዙ ቦታ የበልግ ዝናብም የሚያገኝ አገር ነው። ደሴን በክረምት የሚያውቅ ሰው ከተማዋን የተንተራሰው የጦሳ ተራራ ቀኑን ሙሉ በጉም ተሸፍኖ ሲውል አይቷል። ለአስኒያ ከዚህ የተሻለ ኑሮ የለም። ዘርፉ ቀጫጭንና የተበታተነ መሆኑም ጉሙን ለማጥለል ይመቸዋል።

የዛፉም ዓይነት ይወስናል። የጥድና የወይራ ቅርፊት ሸካራና ስንጥቅጥቅ ነው፤ የሚያዝበት አለው፣ ብዙ ጊዜም ይቆያል። ነጭ ባሕር ዛፍ ግን ቅርፊቱን እየላጠ ይጥላል። የያዘ ላይከን ቢኖር ከቅርፊቱ ጋር ይወድቃል። ስለዚህ አንድ የባሕር ዛፍ ማሳ ጫፉ ላይ ካለ አሮጌ ጥድ ጋር ሲታይ፣ ጥዱ ብቻ ተሸፍኖ ባሕር ዛፉ ባዶ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ባሕር ዛፍ ጤነኛ ነው፣ ጥዱ ታሟል ብሎ ቢደመድም አይገርምም። ልዩነቱ ግን የቅርፊት ነው።

ዕድሜም አለ። አስኒያ በዓመት የሚያድገው በሚሊሜትር፣ ቢበዛ በጥቂት ሴንቲሜትር ነው። በብዛት የሚስፋፋው ነፋስ የቆረጠው ቁራጭ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ሲያርፍ ነው። ክንድ የሚያህል ጢም ያለው ዛፍ ለብዙ ዓመት ያልተነካ ዛፍ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና በመስጊድ ግቢ ያሉ፣ መጥረቢያ ያልደረሰባቸው ዛፎች ሽበት የሚበዛባቸው ለዚህ ነው። በቦረና ሳይንት በኩል ያለው የደንቆሮ ደንም እንዲሁ።

ታዲያ ዛፉን ይገድላል?

ይገድላል የሚሉት የሚያቀርቡት ምክንያት ባዶ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው ነገር አለ፤ የደረቀ ዛፍ ላይ ሽበት ይበዛል። ሁለተኛ ክብደት አለው። ዝናብ የጠጣ ሽበት ከደረቀው ብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ የደከመ ቅርንጫፍ ላይ ሲጨመር ሊሰብረው ይችላል። ሦስተኛ በፍራፍሬ እርሻዎች ላይከን ለነፍሳት መደበቂያ ይሆናል ብለው የሚያጸዱ አልሚዎች አሉ። በላቦራቶሪም የአንዳንድ ላይከኖች ኬሚካል የዘር እድገትን ሲቀንስ ታይቷል።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው ግን ጤነኛ ዛፍ ለምን እንደሚደርቅ አያስረዱም። ላይከን የዛፉን ፈሳሽ አይወስድም፣ ቅጠሉን አይበላም፣ ቅርፊቱን አልፎ አይገባም። የደን ባለሙያዎች በስፋት የሚስማሙበትም ላይከን ለቆመ ዛፍ የበሽታ ምክንያት አይደለም በሚለው ነው።

ታዲያ የደረቀ ዛፍ ላይ ለምን ይበዛል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ዛፍ በሌላ ምክንያት ሲዳከም ቅጠሉ ይሳሳል። ቅጠሉ ሲሳሳ ውስጥ ያለው ቅርንጫፍ ብርሃን ያገኛል። አልጌው የሚፈልገው ብርሃን ነው። የተዳከመ ዛፍ እድገቱም ይዘገያል፤ ቅርፊቱ ሳይለወጥ ይቆያል፣ ላይከኑ ተረጋግቶ ይሰፋል። ከዚያም በላይ ድሮም የነበረው ሽበት ቅጠሉ ሲረግፍ ገና አሁን ይታያል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መድከም፣ ከዚያ ሽበት ነው። እኛ የምንደርሰው መጨረሻው ላይ ነው፤ ሁለቱን አብረን እናይና አንዱን የሌላው ምክንያት እናደርጋለን።

የእውነተኞቹ ተጠርጣሪዎች ዝርዝር አጭር አይደለም።

አንዱ የጥድ ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ የዛፍ ወይም የሰብል ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። የጥዱ ክሽክሽ እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ታየ፣ በ1990 ኬንያ ደረሰ፣ በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ይበልጥ የሚያጠቃው የፈረንጅ ጥድን ነው፤ የሐበሻ ጥድንም አይምርም። ምልክቱ የታወቀ ነው። ቅጠሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። ቅርንጫፉና ከሥሩ ያለው ሣር ላይ የሚያጣብቅ ነገር ይኖራል፤ እሱም ክሽክሹ የሚያስወጣው ስኳር ነው። ጥቂት ቆይቶ በዚያ ስኳር ላይ ጥቀርሻ መሳይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። በማላዊና በኬንያ የክሽክሹ የተፈጥሮ ጠላት የሆነች ትንሽ ጥገኛ ተርብ በመልቀቅ ለመቆጣጠር ተሞክሯል። ሽበት መፋቅ ለክሽክሽ የሚያደርገው አንዳች ነገር የለም።

ሌላው ድርቅ ነው። ከወሎ በስተ ሰሜን፣ በትግራይና በአፋር መካከል ባለው የደስአ ደን ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ጥድና ወይራ በብዛት እየደረቁ መሆኑን አሳይቷል። መድረቁ የሚከፋው ዝቅ ባለው፣ ሙቀቱ በሚበረታበት በኩል ነበር። ይህ ግኝት ለእኛ ክርክር ትልቅ ትርጉም አለው። ሽበት የሚወፍረው ጉም በሚበዛበት ከፍታ ነው። ገዳዩ ሽበቱ ቢሆን ኖሮ ላይኛው ደን ቀድሞ ባለቀ ነበር።

ሦስተኛው የሰው እጅ ነው። ለመንገድ ሲቆፈር ሥሩ የተቆረጠ ጥድ ወዲያው አይደርቅም፤ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ያኔ ቁፋሮውን የሚያስታውሰው የለም፣ ሽበቱ ግን እፊት ለፊት አለ። ቅርፊቱ ለችቦ ወይም ለቀፎ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍም እንዲሁ። ከብት የረገጠው ጠጣር መሬት ውኃ አያሰርግም። ተቀጽላውን አስቀድመን አንስተናል። እርጅናም አለ፤ ጥድም ያረጃል።

የፋብሪካ ጭስና ሽበት

ሽበት የበዛው አየሩ ስለተበከለ ነው የሚለው አባባል ሙሉ በሙሉ የተገለበጠ ነው። አስኒያ አየር ሲበከል መጀመሪያ ከሚጠፉት ላይከኖች አንዱ ነው።

ምክንያቱ ከአኗኗሩ ይመጣል። የዛፍ ቅጠል በሰም የተሸፈነ ቆዳ አለው፣ አየር የሚያስገባባቸውን ቀዳዳዎችም ይዘጋል፣ ይከፍታል። ላይከን ይህ ሁሉ የለውም። የመጣውን ዝናብና ጉም በመላ አካሉ ይጠጣል። ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ከውኃ ጋር ሲቀላቀል አሲድ ይሆናል። ላይከኑ ያንን ከጠጣ አልጌው ይሞታል፤ አልጌው ከሞተ ፈንገሱ ይራባል።

ዊልያም ኒላንደር የተባለው ፊንላንዳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1866 በፓሪስ ይህን ታዝቦ ነበር። በከተማው መናፈሻ የቀሩት ላይከኖች ከሌላው ሠፈር ጋር ሲነጻጸሩ የአየሩን ንጽሕና እንደሚለኩ ጻፈ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1970፣ ሆክስዎርዝና ሮዝ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የትኛው ላይከን በምን ያህል የሰልፈር ዳይኦክሳይድ መጠን እንደሚጠፋ የሚያሳይ ደረጃ አወጡ። በዚያ ደረጃ ረጃጅም አስኒያዎች የሚገኙት ንጹሕ በሆነው ጫፍ ነው። የብሪታንያ ከተሞች የከሰል ጭስ ሲቀንስ የጠፉ ላይከኖች ቀስ በቀስ ተመልሰዋል።

ይህ ለወሎ ምን ይጠቅማል? ኮምቦልቻን እናንሳ። የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የብረትና የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። መኪናውም በዝቷል። የአየር ጥራትን በመሣሪያ መለካት ውድ ነው። ዛፎቹ ላይ ያለው ላይከን ግን በነፃ ቆሞ ይመዘግባል።

ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ደሴ ላይ ሽበት አይቶ፣ ኮምቦልቻ ወርዶ ቢያጣ፣ ፋብሪካው ጨረሰው ሊል ይችላል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፣ የአየር ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፣ ጉም አታገኝም። ሽበት እዚያ ያነሰው በጭስ ይሁን በሙቀት ከዚህ ንጽጽር አይታወቅም። ወደ ፋብሪካ ጣት ከመቀሰር በፊት በአንድ ከፍታ፣ በአንድ የዛፍ ዓይነት፣ ለፋብሪካ ቅርብና ሩቅ የሆኑ ቦታዎችን ማወዳደር ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የየጎፍ ተራራ ደን ለዚህ ይመቻል፤ ከፍታው ደረጃ በደረጃ ይወጣልና።

አለካኩም ቢሆን ተራ ነገር ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መለኪያ መሠረት ግንዱ ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ መሰላል መሳይ ማዕቀፍ ይታሰራል። ማዕቀፉ ጎናቸው 10 ሴንቲሜትር የሆኑ አምስት ካሬዎች አሉት። በግንዱ አራት አቅጣጫ፣ በየካሬው ውስጥ ምን ዓይነት ላይከን እንዳለ ይቆጠራል። በሽቦና በክር የሚሠራ ነገር ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። አንድ የባዮሎጂ ክፍል ተማሪዎቹን ይዞ ዘንድሮ ቢጀምረው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚነጻጸርበት መነሻ ይኖረዋል። መነሻው አሁን ካልተያዘ በኋላ የሚመጣ ክርክር ሁሉ በግምት ይቀራል።

መድኃኒት ነው የሚባለውስ?

ይህ ክፍል የሰው ጤና ስላለበት በግልጽ መነገር አለበት። አስኒያ ውስጥ አስኒክ አሲድ የተባለ መራራ፣ ቢጫ ቀለም ያለው ንጥረ ነገር አለ። መጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገታ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል። በብዙ አገር ሰዎች ሽበቱን ቁስል ላይ ማድረጋቸው መሠረት የለሽ አይደለም።

መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ አስኒክ አሲድ ያለበት ለክብደት መቀነሻ የሚሸጥ እንክብል ጉበት ስለጎዳ፣ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ሰዎች እንዳይወስዱት አስጠንቅቋል። እርግጥ እንክብሉ ውስጥ ሌሎችም ንጥረ ነገሮች ነበሩ፤ አስኒክ አሲድ ግን ጉበት እንደሚጎዳ በሌሎች ሕሙማንም ታይቷል። በዚያ ላይ ላይከን ከአየር የሚመጣ እርሳስንና ሌሎች ከባድ ብረቶችን በአካሉ ያከማቻል። ከመኪና መንገድ ዳር የተለቀመ ሽበት ቀቅሎ መጠጣት ያንን አብሮ መጠጣት ነው። በቴሌግራም ለሚሰራጨው ቀቅላችሁ ጠጡ ለሚለው ምክር መልሱ አይሆንም ነው። ጠጥቶ ዓይኑ ቢጫ የሆነበት፣ ሽንቱ የጠቆረበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ።

ቢፋቅ ምን ይሆናል?

ዛፉ ይበልጥ ይጎዳል። በቢላ ወይም በሽቦ ብሩሽ ሲፋቅ ቅርፊቱ ይቆስላል፤ ቁስሉ ለእውነተኛ በሽታ አምጪ ፈንገስና ነፍሳት በር ይከፍታል። ማቃጠል ከዚህ የባሰ ነው፤ የጥድ ቅርፊት በቀላሉ ይቀጣጠላል።

የሚጠፋውም ሽበቱ ብቻ አይደለም። ወፎች ለጎጇቸው ይለቅሙታል። ውስጡ ሸረሪትና ጥቃቅን ነፍሳት ይኖራሉ፣ እነሱን የሚበላ ወፍ ይመጣል። ጉሙን አጥልሎ ወደ ታች የሚያንጠባጥበው ውኃም በደረቁ ወራት ለደኑ ወለል የሚሆን ነው። ክንድ የሚያህለው ጢም እንደገና እስኪያድግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከእድገቱ ፍጥነት መገመት ይቻላል።

ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ላይከን ግን ጉዳዩ የተለየ ነው። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ ላይከን መኖሩ ለቅርስ ጠባቂዎች እውነተኛ ራስ ምታት ነው። ላይከን የሚያመነጨው አሲድና ወደ ድንጋዩ ቀዳዳ የሚገባው የፈንገስ ክር በረጅም ጊዜ ለስላሳውን ዓለት ያፈረፍራል። እዚያም ቢሆን ማን ይፋቀው፣ በምን ይፋቅ የሚለው የባለሙያ ሥራ ነው፤ በችኮላ መፋቅ ቅርጹን አብሮ ያነሳልና። የድንጋዩን ችግር ወደ ዛፍ ማምጣት ግን አይገባም። ዛፍ ሕያው ነው፤ ቅርፊቱን ራሱ ያድሳል።

ጥድዎ መድረቅ ከጀመረ

መጀመሪያ ቅርንጫፉን ወደ ጎን አድርገው ውስጠኛውን ቅጠል ይዩ። ቡናማነቱ ከውስጥ ከጀመረና እጅዎ ከተጣበቀ ክሽክሽ ይጠርጥሩ። ቀጥሎ ቀና ብለው ከጥዱ ቅጠል የተለየ ሰፋ ያለ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ቅርንጫፉ ላይ በቅሎ እንደሆነ ይፈልጉ፤ እሱ ተቀጽላ ነው፣ ከነያዘው ቅርንጫፍ ከበታቹ ይቆረጣል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ግንዱን ዙሩት። ቅርፊቱ ተልጧል? የምስጥ አፈር አለ? ባለፉት ጥቂት ዓመታት ለአጥር፣ ለመንገድ ወይም ለውኃ መስመር ቁፋሮ ነበር? ጎረቤትን መጠየቅ ነውር የለውም። ብቻውን ነው የደረቀው ወይስ በአካባቢው ያሉት ጥዶች ሁሉ? ሁሉም ከሆኑ ነገሩ የአንድ ግቢ ጉዳይ ስላልሆነ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ መነገር አለበት።

ፎቶ የሚያነሱ ከሆነም ሽበቱን ብቻ አያንሱ። አንድ የሙሉ ዛፉን፣ አንድ የግንዱን ሥር፣ አንድ የውስጠኛውን ቅጠል ከቅርብ ያንሱ። ባለሙያው መፍረድ የሚችለው ከእነዚያ ነው።